የጠመኔው ምልክት

ናስርዬ፣ የኔ ሻሞላ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ የሚወደውን ሰው ሙት ዓመት በወጉ ያወጣል፤ እኔ ግን ያንቺን እንዴት እንደማወጣ እንኳ ጠፋኝ። አንቺ በሃይማኖትሽ ኮልፌ፣ ከሙስሊሞቹ መቃብር አርፈሻል፤ እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ። በግድግዳ የምንዋሰናቸውን መምሬ አክሊሉን ባማክራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ድግሱ ይቅርብህ፤ የከበደህ ነገር ካለ ለእሷው ንገራት» አሉኝ። የከበደኝ ነገር እንዳለ እንዴት እንዳወቁ እንጃ! ብቻ አለ። ስለዚህ ይኸው ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን አላሽገውም፤ ሌላም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ማን እንደሆነ ቆይተሽ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የኮተቤ መንገድ እንደገና ተቆፍሯል። አጥራችን ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብቷል። ግቢያችን ውስጥ በነጭ ቀለም ያሰመርሽው የመለማመጃ መስመር፣ ያ ከበሩ ተነስቶ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያልቀው፣ ጫፉ በአጥሩ ሄደ፤ የቀረውን ደግሞ ክረምቱ አጠበው። ትዝ ይልሻል? መስመሩ አሥራ አራት ሜትር መሆን ነበረበት፤ ግቢያችን ዘጠኝ ብቻ ሆኖ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሁሉ ድስት መሀል ይገባ ነበር። አሁን እዚያ ላይ ልብስ አሰጣለሁ።

ልጆቹን ታስተምሪበት የነበረው የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ደግሞ ጂም ሆነ። ትልልቅ መስታወት ተተክሎበታል፤ ሙዚቃው ከአስፋልቱ ማዶ ድረስ ይሰማል። ዕቃሽን አምጥተው በራፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አምስቱን የሽቦ ጭምብል፣ ሰባቱን ሻሞላ፣ ያንን የተጣፈ ጃኬት ሁሉ። አልተቆጣኋቸውም። አዳራሽ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ካንቺ በኋላ ሦስት ልጆች መጡ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እኔ ብቻዬን ቁልፉን ይዤ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ዋልኩ። የስፖርት መምህር ነበርኩ እንጂ የሻሞላ ግጥሚያ አላውቅም፤ ምን ላስተምራቸው?

መምሬ ደህና ናቸው። አሁንም ያነሱሻል። አፍሽን በአማርኛ በፈታሽበት ሰሞን ወንድና ሴት አልለይ ብሎሽ «አንቺ መምሬ፣ ደህና አደርሽ?» ስትያቸው ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር። እሳቸው ግን ሳይከፋቸው «ምነው ይህቺ ልጅ በስተርጅና ሴት አድርጋ ሾመችኝ» ይሉ ነበር። የሚገርመው ውሻችንን «እርስዎ» ስትይው ነው። ውሻውም ሞተ፣ ናስርዬ። እሱንም ልነግርሽ ይገባል።

አንቺ ስለራስሽ ማውራት አትወጂም ነበር፤ ስለዚህ ሰዎች ማን እንደነበርሽ ሳያውቁ ቀበሩሽ። «የሰይፏ ሴትዮ» አሉሽ፣ በቃ። እኔ ልናገርልሽ። ቴህራን ውስጥ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ለወንዶቹ የሻሞላ ክለብ ነጭ ጃኬት ይሰፋ ነበርና አንድ ቀን የተሰፋውን ልታደርሺ ሄደሽ በር ላይ እንደቆምሽ ቀረሽ። ሴት የምትማርበት ሰዓት የለም አሉሽ። አንቺም እሺ ብለሽ ሄድሽና በማግስቱ ቁልፉ የላላ ጃኬት አለ ብለሽ ተመለስሽ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይዘሽ መጣሽ። አሮጌው አሠልጣኝ ሲመረው ወንዶቹ ሳይመጡ፣ ገና በጠዋት፣ መስኮቱ በጋዜጣ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ሰጠሽ። የጎረቤታችሁን ልጅ ፓርቪንን ጎትተሽ አስገባሻት፤ ሻሞላ ለብቻ አይሆንማ። ከዚያ ክለብ ወደ ውጭ አገር ወጥታ የተጋጠመች የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ፤ ያሸነፈችም የመጀመሪያዋ።

ያሸነፍሽ ቀን ነው ጣጣው የመጣው። የመጨረሻዋን ነጥብ ስታገኚ በደስታ ጭምብልሽን ነቅለሽ ጣልሽ፤ የራስሽ መሸፈኛ አብሮ ወለቀ። ለቅጽበት ነበር፤ መልሰሽ አደረግሽው። ፎቶ አንሺው ግን ቀድሞሻል። አገርሽ ስትገቢ ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቶ፣ ቁም ሳጥንሽ ለሌላ ተሰጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ፎቶሽ ወርዶ ጠበቀሽ። ያስተማርሻቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩሽ አንገታቸውን ደፉ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርሽኝ፣ ድንች እየላጥሽ፣ ቀና ሳትይ።

እኔና አንቺ የተገናኘነው ቡዳፔስት ነው። እኔ ለመምህራን የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ሄጄ፣ አንቺ አገርሽን ጥለሽ ወጥተሽ አንድ የሻሞላ አዳራሽ እየጠረግሽ ጀማሪ እያስተማርሽ። ጥቁር ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ልሞክር ብዬ ገባሁ። አንቺ የሻሞላሽን ጫፍ ጠመኔ ቀባሽና ደረቴን ነካ አደረግሽኝ። «አልነካሽኝም» አልኩ። ወንድ ነኝ፣ የስፖርት መምህር ነኝ፣ እንዴት እነካለሁ! አንቺም ክንዴን ይዘሽ መስታወቱ ፊት አቆምሽኝ። ደረቴ ላይ ነጭ ምልክት፣ ልክ በልቤ በኩል። ያን ቀን እስኪያምሽ ሳቅሽ። በእኛ ሙያ፣ አልሽኝ፣ እጁን የሚያነሳው የተነካው ሰው ራሱ ነው።

ተጋብተን እዚህ ስንመጣ ያቺን ነገር ሕግ አደረግሻት። ነጥብ የሚቆጥር የኤሌክትሪክ መሣሪያ የለን፤ ከየት ይምጣ? እኔ ከትምህርት ቤት የጠመኔ ስብርባሪ በኪሴ አመጣለሁ፣ አንቺ የሻሞላውን ጫፍ ትቀቢያለሽ፣ የተነካ ልጅ ግራ እጁን አንስቶ ጮክ ብሎ «ነካኝ» ይላል። ሻሞላ የያዘው ግራ እጁ ከሆነ ቀኙን ያነሳል። ተነክቶ ዝም ያለ ለዚያ ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ዝም ያለ አይመለስም። ሌላ ቦታ ልጅ መዋሸት ይማራል፤ አንቺ ጋ ግን የሰባት ዓመት ሕፃን ደረቱን ጎንበስ ብሎ አይቶ «እትዬ፣ እዚህም ነክታኛለች፣ ሁለት ነው» ይል ነበር። ይህን ሳይ አንጀቴ ይርስ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጠመኔውን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሕጉ ያልገባኝም እኔው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ በእንጦጦ በኩል ጫካው ውስጥ ትወጪ ነበር። ባሕር ዛፉ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንድ እጅ ወደ ፊት፣ አንድ እጅ ወደ ኋላ፣ እንደ ሸርጣን ሲሄዱ እንጨት ለቃሚዎቹ ሸክማቸውን አውርደው ያማትቡ ነበር። ላይ ስንደርስ አንቺ ትለዪኛለሽ። ጥግ ላይ ቆመሽ ከተማዋን ቁልቁል ታያለሽ። ተራራው ከኋላ፣ ከተማው ከታች፣ ቴህራንም እንዲህ ናት፣ በረዶው ብቻ ነው የቀረው ትይ ነበር። ያን ጊዜ ፊትሽን ሳይ እፈራለሁ። ይህቺ ሴት አንድ ቀን ትሄዳለች እላለሁ በሆዴ። በበረዶው ቀናሁ፣ ትሰሚያለሽ? ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በበረዶ ቀናሁ።

ረድያን ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አባቷ ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው፣ አስተማሪዋ ሴት ናት፣ ያውም ሙስሊም፣ ልብሱም ሙሉ ነው ተብለው በስንት ልመና የፈቀዱላት። ግራኝ ናት። ቤቷ በግራ እጇ ስትጎርስ እየተመታች ያደገች ልጅ፣ አንቺ በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዘሽ «ይህ ወርቅ ነው» ስትያት አለቀሰች። ግራኝ ተጋጣሚ ሌላውን ሁሉ ያደናግራል፤ አንቺ ዕድሜ ልክሽን ስትመኚያት የነበረች ተማሪ ናት። በሰባት ዓመት ውስጥ አንቺን ራስሽን እጅሽን አስነሳችሽ። ያን ለት ቤት ስትገቢ እንደ ሙሽራ ነበርሽ።

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ፤ እኔም ሳዘገይ መቆየቴ ለዚህ ነው።

ከመታመምሽ ሦስት ዓመት በፊት ለፓርቪን ደብዳቤ ጽፈሽ ነበር። ስልክ ይጠለፋል፣ በእኔ ምክንያት ችግር ያገኛታል ብለሽ፣ በድሮው አዳራሽ አድራሻ በፖስታ ላክሽላት። ምን ጻፍሽላት ስልሽ «ሰላምታ ብቻ» አልሽኝ። የፖስታ ሳጥናችን ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ከመገናኛው ፖስታ ቤት በመጣሁ ቁጥር፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ፖስታ አለ?» ትይኛለሽ። የለም እልሻለሁ። እውነትም አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ነበረ። ወፍራም ፖስታ፣ በፋርስኛ የተጻፈ፣ ጀርባው ላይ የተጠላለፉ ሁለት ሻሞላዎች የታተሙበት የክለብ ማኅተም። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ገለባበጥኩት። ማንበብ አልችልም፤ ማኅተሙን ግን አነበብኩት። ጠሯት አልኩ። ይቅርታ አድርገውላታል፣ ነይና አሠልጥኚ ብለዋታል፣ ትሄዳለች፣ አትመለስም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነገ እሰጣታለሁ አልኩ። ቤት ስገባ «ፖስታ አለ?» አልሽኝ። ጫማዬን እየፈታሁ ነበር። «የለም» አልኩሽ።

ፖስታውን ፊሽካዬንና የሩጫ ሰዓቴን በማስቀምጥባት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ነገ የተባለው ነገ አልመጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ስድስት ወር ያህል ጠየቅሽ። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆነ፣ ከዚያ ተውሽው። በተውሽው ጊዜ ደስ አለኝ፣ ናስርዬ። ይቅር አትበዪኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ረድያ ናይሮቢ የሄደችበት ውድድር መጣ። ዕቃ በውሰት ነበር። የተገኘው ጓንትም ጃኬትም የቀኝ እጅ ሆኖ፣ ለግራኝ የሚሆን አንድም ጠፋ። ጓንቱን ገልብጣ አጠለቀችው። ሻሞላውን ከነጥብ ቆጣሪው መሣሪያ የሚያገናኘው ሽቦ በማያውቀው ክንድ በኩል ዞሮ እየተነቀለ፣ እሷ ነክታ መሣሪያው ዝም ሲል፣ አንቺ ጥግ ላይ ቆመሽ ከንፈርሽን ስትነክሺ፣ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ እሷ ራሷ ተነካች፤ መሣሪያው አላየውም። ረድያ ግን ቀኝ እጇን አንስታ አመነች። ዳኛው ግራ ገባው፣ ተመልካቹ ሳቀ። በዚያችው ነጥብ ተሸንፋ ወጣች። በመልሱ ጉዞ ላይ፣ ለግራኝ የሚሆን አንድ ልብስ ብቻ ቢኖራት አልሽ። ቆርቆሮዋ ትዝ አላለችኝም። ምን ያገናኛታል?

ረድያ ከዚያ በኋላ አልቆየችም። አባቷ ይብቃሽ አሏት፤ እሷም በቃኝ አለች። እሷ ስትቀር ሌሎቹ ተከተሏት። አንቺም ጡትሽ ላይ ያለው ነገር ተገኘብሽ። መጨረሻው አካባቢ፣ ውኃ በማንኪያ ስሰጥሽ፣ «ማንም አልጻፈልኝም፣ አይደል?» አልሽኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ! ቆርቆሮዋ ከአልጋሽ ሥር ነበረች። ጎንበስ ብዬ ማውጣት ነበር። «ፖስታ ድሮ ቀረ፣ አሁን ማን ይጽፋል» አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽና ወደ ግድግዳው ዞርሽ። አገርሽ እንደረሳሽ አምነሽ ነው የሞትሽው።

ባለፈው ሳምንት ፖስታውን አውጥቼ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። የፋርስ ሰው ከየት አመጣለሁ? ረድያ መድረሳ ቁርአን ተምራለችና የዓረብኛውን ፊደል ትለየዋለች፤ ፋርስኛም በዚያው ነው የሚጻፈው። ሱቁን አሁን እሷ ናት የያዘችው፤ ታጭታለችም፤ ከረመዳን በኋላ ነው ኒካሁ። ስታየኝ «ጋሼ!» ብላ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። በእትዬ ስም የመጣች ወረቀት ናት፣ ምን እንደሚል እስቲ አልኳት። ፊደሉን ድምፅ እያወጣች አነበነበች፣ ትርጉሙን ሳታውቅ፤ ያ ያንቺ ቋንቋ በእሷ አፍ መጣ። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ስልኩ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እሷ ደግሞ ለእኔ በአማርኛ፣ ቀስ እያለች።

ፓርቪን አልጠራችሽም፣ ናስርዬ። ራሷ ልትመጣ ነበር። ክለቡ አዲስ ዕቃ ስለገዛ አሮጌውን ይዤልሽ ልምጣ ትላለች። ነጥብ የሚቆጥር መሣሪያ ሁለት፣ ጭምብል አሥር፣ ሻሞላም። «ስለ ጻፍሽልኝ ግራኝ ልጅ ሳስብ ነበር፤ ሁለት የግራ ጓንትና በልኳ የተሰፋ የግራ ጃኬት ለብቻ አስቀምጫለሁ» ትላለች። ፎቶሽን መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። ትንንሾቹ ሴት ልጆች ይህቺ ማን ናት እያሉ ይጠይቃሉ፣ እኔም እየነገርኳቸው ነው ትላለች። ከታች ደግሞ፣ መልስ ካልላክሽልኝ እንዳስቸገርኩሽ እቆጥረዋለሁ፣ ዕቃውንም ለሌላ እሰጣለሁ፣ ደግሜም አልጽፍም ብላለች።

ረድያ አንብባ ስትጨርስ ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው። ደንበኛ መጥቶ ስኳር ጠየቃት፤ መዝና ሰጠችው። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር ነበርና ደወለች። አንዲት ሴት በማሽን ድምፅ ያንኑ ነገር ደጋግማ ትናገራለች። ቋንቋው ባይገባንም ቁጥሩ እንደሌለ ገባን።

«ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ መቼ ነው የደረሰው?» አለችኝ።

«ካረፈች በኋላ» አልኳት።

ፖስታውን ገለበጠችው። የእኛ ፖስታ ቤት ማኅተም ከነቀኑ እዚያው ላይ አለ፣ ጥርት ብሎ። ከናይሮቢ በፊት ያለ ቀን። አየችው። እንዳየችው አየሁ። ዓይኗን ወደ ደረቴ አመጣችና ትንሽ ቆየች፤ አንቺ ያስተማርሻት አስተያየት ነው፣ ጠመኔ የምትፈልግ። ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረው አጥፋ መለሰችልኝና «እሺ ጋሼ» አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ዛሬ ዕቃሽን ስነካካ ከጓንትሽ ውስጥ የጠመኔ ስብርባሪ አገኘሁ። ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት ጉርድ ሾላ ይዤ እሄድና መደርደሪያዋ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ይቅር ትለኛለች ብዬ አይደለም። ወደ ሻሞላው ትመለሳለች ብዬም አይደለም፤ ያ ቀርቷል፤ አዳራሹም፣ ፓርቪንም፣ አንቺም። እጅ ማንሳት ነጥቡን አያስመልስም፣ አንቺው ነሽ ያስተማርሽን፤ ነጥቡ የሌላው ሆኖ ይቀራል። ግን ረድያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇን አንስታ ተስቆባት፣ በባዶ ሱቅ ውስጥ እጁን ማንሳት ካቃተው ሽማግሌ ጋር፣ ከራሴ ጋር፣ መኖር አልችልም።

እስከ ዕለተ ሞቴ ስለ አንቺ የሚጠይቅ ቢገኝ፣ ልብስ ሰፊው አባትሽን፣ በጋዜጣ የተሸፈነውን መስኮት፣ የወለቀችውን መሸፈኛ፣ ሁሉንም እናገራለሁ። ፎቶሽ አንድ ቦታ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደነበረም እናገራለሁ። ደብዳቤሽን ማን እንደከለከለሽ ሲጠይቁኝ ደግሞ ስሜን አልደብቅም። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። አርብ አርብ ኮልፌ እመጣለሁ፤ መቃብርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ቀኝ እጄ ይጽፋል፣ ናስርዬ። ግራ እጄን አንስቻለሁ።

ነካሽኝ።

ባልሽ ታደሰ